ካርዱ ላይ የሌለ ስም

ፍራንክፈርት፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ ኤዋልት፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ጎረቤትዎ ኢርምሂልት ጋ ስደውል፣ «አጎትሽ ዛሬም እንጨት ሲፈልጥ ነው የዋለው፤ ተው ስለው አጥሩን ዞሮ ይሄዳል» አለችኝ። እርስዎ በስልክ አይሰሙም፤ እኔም በስልክ መጮህ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ይኸው እንደ ጥንቱ በፖስታ መጣሁ።

አያቴ የአጎትዎ ልጅ ባትሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደፍርም ነበር፤ ግን የምጠይቅዎት ነገር አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ምን እንደምማር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት። የአገራችን ፈላስፎች ስለ ማኅበረሰብ ሲጽፉ አጥብቀው የያዙት አንድ ሐሳብ አለ። ሰው ለብቻው ሰው አይሆንም ይላሉ፤ ሌላው አይቶት «አዎ፣ አንተ ነህ» ሲለው ነው የሚቆመው። እውቅና ይሉታል። ኅብረተሰብ ማለትም ይህን «አዎ» ለማግኘት የሚደረግ ትግል ነው ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን፣ «አዎ» የሚለው ማነው? በሩ ላይ የቆመው ሰው የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሦስተኛው ምን ያድርግ? ትከሻውን አስጠርቦ ይግባ? ይህን ጥያቄ ያነሱት እንደ እኔና እንደ ቪብከ ያሉ፣ ከደንቡ ውጭ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። ኩዊር ይሉናል። ድሮ ስድብ ነበር፤ እኛው ከመሬት አንስተን ለበስነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልምጣ። በወረቀት የቤተሰብ ስምዎ ሽትሬከር ነው። ዊንደንሮት ውስጥ ግን ሽትሬከር የሚልዎት ፖስተኛው ብቻ ነው፤ ለመንደሩ ዋግነሽ ኤዋልት ነዎት። ነፍሷን ይማርና ሊናም አግብታዎት ስትመጣ ዋግነሽ ሊና ተባለች። ይህ ይገባኛል። በፋሲካ እዚያ ሳለሁ ግን ኢርምሂልት በአጥሩ ላይ «ዋግነሽ አልቪን! መሰላሉን መልስልኝ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። እርስዎ ቤት የሚኖረው አልቪን ዘመድ አይደለም፤ አላገባም፤ አልወረሰም። ያን ስም ማን ሰጠው? ቢጽፉልኝ ለጥናቴ ትልቅ ነገር ነው።

ቪብከ ሰላም ትልዎታለች።

እንደ ልጅ ልጅዎ የምታከብርዎ
አልሙት


ዊንደንሮት፣ ኦክቶበር 6

ለአልሙት፣

እንደምን ከርመሻል። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው፣ ኢርምሂልት የራሷን ጉልበት ትይ። ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የፈላስፎቹን ነገር ሁለቴ አነበብኩት። ሰው ሌላው ካላየው ሰው አይሆንም ካሉ ጫካ ገብተው አያውቁም ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ዛፍ ስቆርጥ ቀኑን ሙሉ የሚያየኝ አጋዘን ነበር፣ ማታ ግን ሰው ሆኜ ነው ቤቴ የገባሁት።

ስሙን ማን ሰጠው ላልሽው ማንም አልሰጠውም። ስሙ የቤቱ ነው። የአያቴ አያት የጋሪ ጎማ ይሠራ ነበርና ቤቱ ዋግነሽ ተባለ፣ የጋሪ ሠሪው ቤት ማለት ነው፣ ይህን ስንኳ ታውቂያለሽ። እዚህ ጣራ ሥር የሚያድር ሁሉ ዋግነሽ ነው። ውሻችንም ዋግነሽ ሬክስ ነበር። ሰው ተሰብስቦ አይመክርበትም፣ ማመልከቻ የለው። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ያለችው ሴት «የዋግነሽ አልቪንን ዳቦ ውሰድለት» ትለኛለች፣ በቃ አለቀ።

አልቪን እንዴት እንደመጣ ደግሞ ታውቂያለሽ ግን ልጻፈው። ሊና በሞተች በዓመቱ አውሎ ነፋሱ የሰሜኑን ጣራ ነቀለው። አልቪን ጣራ ሠሪ ነው፣ ያኔም ጡረታ ወጥቷል፣ ግን ሥራ ሳይይዝ መቀመጥ አይችልበትም። መጥቶ ሠራው። ጨረሰ። ዝናብ እስኪመጣ ልቆይና ያፈስስ እንደሁ ልየው አለ። ዝናቡ መጣ፣ አላፈሰሰም። በረዶ እስኪመጣ ልቆይ አለ፣ ክብደቱን ይችል እንደሁ። በረዶውም መጣ። ይኸው ነው።

አሁን ላይኛው ክፍል ነው ያለው። አንድ ምድጃ ለሁለት ሽማግሌ ይበቃል። የምንጣላው በእንጨቱ ነው። እሱ ሲደረድር ቅርፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ዝናቡን ይከላከላል ይላል፣ እኔ ወደ ታች፣ እንጨቱ መተንፈስ አለበት። ጠዋት የደረደርኩትን ከሰዓት ተገልብጦ አገኘዋለሁ። በዚህ ዕድሜው ጉልበቱን ከየት ያመጣዋል እላለሁ።

ለምን እዚህ እንደቀረ መንደሩ ጠይቆኝ አያውቅም። አንቺም አትጠይቂኝ።

በደህና ክረሚ፣ አምላክ ትምህርትሽን በቶሎ ያስጨርስሽ፣ ሰባት ዓመት ብዙ ነው።

ኤዋልት


ፍራንክፈርት፣ ኦክቶበር 15

የተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ በሰላም ደረሰኝ፤ እርስዎንም በሰላም ያግኝዎት። ላመሰግንዎት ቃል አጣሁ። ለቪብከ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «በረዶ እስኪመጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ቶሎም አልተመለሰችም።

ለመምህሬም አነበብኩላት። «ስንፈልገው የኖርነው ይህ ነው» አለች። ይመልከቱ፣ ማንነትህን ካልመሰከርክ፣ ወረቀት ካላቀረብክ ሳይል ስም የሚሰጥ መንደር አለ። ማንም አልመረመረውም፤ ማንም ፍቃድ አልሰጠውም። አልቪን «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ሳይል ከቤቱ ተቆጠረ። የጥናቴን አንድ ምዕራፍ በዚህ ላይ ጽፌ ልጨርስ ምንም አልቀረኝም፤ ርእሱን «ያለ ጥያቄ የሚሰጥ ስም» አልኩት። የእርስዎንና የአልቪንን ቤት በምሳሌነት አስገብቻለሁ፤ የመንደሩን ስም ለውጫለሁ።

ቪብከ እርስዎንም አልቪንንም ሰላም ትላለች።

አልሙት


ዊንደንሮት፣ ኦክቶበር 29

አልሙት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ያንቺን ደብዳቤ አልመለስኩም፣ የምጽፈው ስለ ሌላ ነው። አልቪን ሆስፒታል ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቆሞበት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝም አለው፣ ምላሱም ተያዘ።

እኔ ጫካ ነበርኩ። ጓሮ እንጨቱ ሥር ወድቆ ያገኘችው ኢርምሂልት ናት፣ አምቡላንስ የጠራችውም እሷ ናት። ሰዎቹ ስሙ ማነው አሏት፣ ዋግነሽ አልቪን አለች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ስም አታውቅለትም። እነሱም አልቪን ዋግነሽ ብለው ጻፉ። እኔ ደርሼ የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ማነዎት ሲሉኝ ከድንጋጤዬ እንደ ልማዴ ዋግነሽ ኤዋልት ነኝ አልኩ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ወንድሙ ነዎት፣ ይግቡ» አለች። አልዋሸሁም። እሷ አለች፣ እኔ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

እዚያ ክፍል ከዘመድ በቀር አያስገቡም። እኔ በየቀኑ ገባሁ። ዓይኑን አይከፍትም ግን እጁ ይሞቃል። ሐኪሙ ደም ግፊቱን፣ መድኃኒቱን ሁሉ ይነግረኝ ነበር፣ አቶ ዋግነሽ እያለ።

ከዚያ የኢንሹራንስ ካርዱን አምጡ አሉ። ያለ ካርድ ሰው አያክሙም ማለቴ አይደለም፣ ግን የመስኮቱ ልጅ ነዘነዘችኝ፣ እኔ ደግሞ የሰው ወቀሳ አልወድም፣ ከመሳቢያው አውጥቼ ራሴ በገዛ እጄ አመጣሁላት። ካርዱ ላይ አልቪን ክሬሊንግ ይላል። የኔን መታወቂያ ጠየቀች፣ ሽትሬከር ይላል።

«አቶ ሽትሬከር፣ ታዲያ ምኑ ነዎት?» አለችኝ።

«አብሮኝ ነው የሚኖረው።»

«አከራዩ?»

«ኪራይ አልቀበልም።»

«ታዲያ ምኑ?»

ኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ ውስጥ የላይኛው መንደር ወፍጮ ቤት ሰውዬ አለ፣ አየሁት። አፌ ደረቀ። ልጅቷም ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራዋ ነው፣ «እንግዲህ ለዘመዱ ደውለን እናሳውቃለን፣ ለእርስዎ መናገር አልችልም» አለች። በማግስቱ ስሄድ አልጋው ላይ የነበረውን ስም ቀይረውታል አሉ። እኔ አላየሁትም፣ አላስገቡኝም።

የመጣው ዘመድ ኢንጎ ነው፣ የወንድሙ ልጅ፣ ካስል ከተማ ነው የሚኖረው። ለገና በዓል ካርድ ይልካል። ክፉ ሰው አይደለም። ኮሪደር ላይ እጄን ጨብጦ ምን አለኝ መሰለሽ፣ «አቶ ሽትሬከር፣ አጎቴን ስላስጠጉት ቤተሰቡ ያመሰግናል።» አስጠጉት። እንደ ድመት። ካስል እሱ ቤት አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት ሊያስገባው ነው፣ ፍርድ ቤቱ ሞግዚት አድርጎ እንዲሾመው አመልክቷል። ካስል ከገባ አልመልሰውም፣ ይህን አውቃለሁ።

አሁን የምፈልገው ቃል ነው። ሰባት ዓመት ቃል ተምረሻል፣ አንድ ላኪልኝ። መስኮቱ ላይ የምናገረው፣ አጭር፣ እውነት የሆነ፣ ደግሞ ኢርምሂልት ብትሰማው የማላፍርበት። ቶሎ በይ።

ኤዋልት


ፍራንክፈርት፣ ኖቬምበር 2

ውድ አጎቴ፣

አልቪንን ፈጣሪ ያሽርልን፤ እርስዎንም ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ቤት ድረስ አላስቻለኝም።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልበል። አልቪን ታሞ ሳይወድቅ «በኔ ፈንታ ኤዋልት ይወስን» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ቢኖር ሁሉም ያልቅ ነበር። የለም ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ዳኛው ግን ዝም ብሎ አይፈርምም፤ አልጋው ድረስ መጥቶ በሽተኛውን ማየት አለበት። እርስዎም «እኔም ልሰማ» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ማመልከቻውን አዘጋጅቼ አያይዤዋለሁ፤ ፈርመው ይላኩት። «ከሕመምተኛው ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚለውን መስመር ግን ባዶ ትቼዋለሁ። እሱን እኔ ልጽፍልዎ አይገባኝም።

ቃሉን በተመለከተ፦ ሰዎች «የሕይወት ጓደኛዬ» ይላሉ። «አጋሬ» ይላሉ። «የትዳር ያህል አብረን እንኖራለን» የሚሉም አሉ፤ ዳኛ ይህን ይረዳል። ከእነዚህ አንዱን ቢጽፉ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝልዎ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ከመስኮቱ ቃል አትለምኑ፣ ባለ መስኮቱ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ብቻ ስለሆነ ራሳችሁን በሱ ልክ ትቆርጣላችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። የእርስዎ ቤት የኔ ውብ ምሳሌ ነበር፤ ቃል ሳያስፈልግ የታወቀ ቤት። አሁን ያ የመንደር ስም ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወድቅ አየሁ። ምዕራፉን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አልወጣ አለኝ። ቃል አትለምኑ ማለት የሚችለው ውስጥ የገባ ሰው ነው መሰለኝ።

ልምጣ? ቪብከም እንምጣ ትላለች።

አልሙት


ዊንደንሮት፣ ኖቬምበር 9

አልሙት፣

ሰላም ብያለሁ። አትምጪ።

ቃሎችሽን አየኋቸው። «የሕይወት ጓደኛ» ጋዜጣው ላይ የሞት ማስታወቂያ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰውዬው አልሞተም። «አጋር» ያለው የከብት ነጋዴ ነው። «የትዳር ያህል» ላልሽው፣ ሊና ሳለች ትዳር ምን እንደሆነ አይቻለሁ፣ ያህል አይባልም፣ ወይ ነው ወይ አይደለም። ሌላ ያላልሽው ቃል እንዳለም አውቃለሁ። እዚህ ሰዎች እንዲህ ያለውን ወንድ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «የወዲያ ማዶ ሰው ነው» ይላሉ። እኔ ማዶ አልሄድኩም። ሰውዬው ነው በመሰላል የወጣብኝ።

ወረቀቱን ልኬዋለሁ። ባዶው ላይ «አንድ ምድጃ እንጋራለን» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው።

ኢንጎ ክፍሉን ካስል ይዞለታል አሉ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ መንገድ ላይ «እንግዲህ ኤዋልት፣ ተከራይህን አጣህ» አለኝ፣ እየሳቀ። አልመታሁትም። ልመታው ይገባኝ ነበር።

ከመጽሐፍሽ ውስጥ አውጪን። የመንደሩን ስም ለወጥኩ ብትይም ጣራውን የሠራው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ የማንም ምሳሌ አይደለሁም።

ኤዋልት


ፍራንክፈርት፣ ኖቬምበር 13

አጎቴ ኤዋልት፣

ሰላምታዬን አስቀድሜያለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግን በንዴት ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅበትም።

አወጣለሁ። ምዕራፉን ቀድሞውንም ቀድጄዋለሁ። ግን «አንድ ምድጃ እንጋራለን» ብለው ለዳኛ ይጽፋሉ? ዳኛው ይህን አንብቦ ምን ያድርግ፣ ለኢንጎ የማሞቂያ ሠራተኛ ይላክለት?

ሰባ አምስተኛ ልደትዎን ያስታውሳሉ። የእሳት አደጋ ቡድኑ አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ ቆመው «ቤተሰብ ላይኛው ጠረጴዛ፣ እንግዳ ታችኛው» እያሉ ሰውን ይመድቡ ነበር። እኔን ወደ ላይ ላኩኝ፤ ቪብከን ወደ ታች፣ ከመለከት ነፊዎቹ ጋር። ያኔ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። «አጎቴ፣ ከኔ ጋር ናት» አልኩዎት። «ምኗ ነች?» አሉኝ፤ ሰዉ እየሰማ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ያለችዎትን ነው ያሉኝ፤ ቃል በቃል። የኔም አፍ ደረቀ።

የዚያን ቀን አልቪን የት ተቀምጦ ነበር? ላይኛው ጠረጴዛ ላይ ወንበር አልነበረውም። ቢራ ሲያዞር ዋለ። ከዚያ ሰሃኑን ይዞ ወርዶ ቪብከ ጎን ተቀመጠ፤ «እንግዲህ እኛ ታችኞቹ» አላት። እስከ ዛሬ ትነግረኛለች። አላዩትም? ወይስ አይተውት ነው?

እርስዎ ቃል የለኝም ይላሉ። ቃሉ አለዎት። የጎደለው በሚሰማ ሰው ፊት መናገሩ ነው። አልቪን አሁን መናገር አይችልም። ካልተናገሩለት ካስል ይሄዳል፤ እርስዎም ትክክል እንደሆኑ አንድ ምድጃዎን ይዘው ይቀመጣሉ።

አልሙት


ፍራንክፈርት፣ ኖቬምበር 30

ውድ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። መልስ አጣሁ፤ ማጣቴም ተገቢ ሳይሆን አይቀርም። ኢርምሂልት ጋ ደወልኩ፤ «በዚህ ሳምንት ዳኛ ትመጣለች ተብሏል፤ እሱ ግን ለማንም ምንም አይናገርም፤ ጥቁር ኮቱን ብቻ አውጥቶ አስጠርጓል» አለች። የጻፍኩት እውነት ነው፤ የጻፍኩበት ጊዜ ግን ልክ አልነበረም። አልቪን እንዴት ነው? አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

የእርስዎው
አልሙት


ዊንደንሮት፣ ዲሴምበር 8

ለአልሙት፣

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ለቤትሽም ሰላም ይሁን። ይህን የምጽፈው ከአልቪን አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው፣ ከዚህ ገምቺ።

ስለ ልደቴ የጻፍሽውን አነበብኩት። ሁለቴ አላነበብኩትም፣ አንዴ ይበቃል።

ዳኛዋ ሐሙስ መጣች። ወጣት ናት፣ በዝናብ በብስክሌት ነው የመጣችው፣ የጭንቅላት መከላከያዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን አራገፈች። ኢንጎ ክራቫት አስሮ ነበር። እኔ ከመግባቴ በፊት ሲስተሯ ኮሪደር ላይ ያዝ አድርጋኝ፣ «እንዳይደነግጡ፣ ነቅቷል፣ ግን ካሉት ቃላት ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነው» አለችኝ። የትኛው አልኳት። «ነው እንጂ» ነው የሚለው አለች። ሳቅኩ። አበደ ብላ ሳትፈራ አልቀረችም። ከጀርመን ቋንቋ በሙሉ ያን ሰው ቃል ምረጥ ብትዪው የሚመርጠው እሱን ነው። እኔ «አይደለም»፣ እሱ «ነው እንጂ»፣ እንዲህ ስንባባል ነው የኖርነው።

ገባሁ። ከስቷል። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። አየኝ፣ ተቆጣኝም መሰለኝ፣ የት ነበርክ በሚል ዓይን።

ዳኛዋ ወረቀቷን አወጣችና፣ «አቶ ሽትሬከር፣ የአቶ ክሬሊንግ ዘመድ ነዎት?» አለች።

«አይደለሁም።»

ከአልጋው ላይ፣ «ነው እንጂ» አለ።

ዳኛዋ ዞር ብላ አየችው። «የሥጋ ወንድሙ? የሚስቱ ወገን?»

«አይደለሁም» አልኩ።

«ነው እንጂ!»

ኢንጎ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሐኪሙ ነግሮናል፣ ባዶ ቃል ነው፣ በምንም በምንም ያንኑ ነው የሚለው፣ ያሳዝናል» አለ። ዳኛዋ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። «አቶ ክሬሊንግ፣ ካስል መሄድ ይፈልጋሉ?» ዝም። «ወደ ዊንደንሮት መመለስ ይፈልጋሉ?» ዝም፣ እኔን ያየኛል። እሷ መልስ የለም ብላ መጻፍ ጀመረች፣ ብዕሯ ሲሄድ አየሁ።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው መልካሙን ጠይቀሽው መልሶ አያውቅም። ሾርባ ትፈልጋለህ ብትዪው ዝም ነው፣ ሾርባ የለም ብትዪው ነው የሚነሳው። ስለዚህ ማንንም ሳላስፈቅድ ተነሥቼ፣

«አልቪን፣ ካስል ቤትህ አይደለም» አልኩት።

ዝም አለ።

«ዊንደንሮት ቤትህ አይደለም።»

«ነው እንጂ!» ብሎ በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት መታ፣ ብርጭቆው ወደቀ። ሲስተሯ በሩን ከፍታ አየች።

ዳኛዋ የጻፈችውን ሰረዘች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ወዲያው ነው የገባት። እሷም ራሷ ጎንበስ ብላ፣ «አቶ ክሬሊንግ፣ ይህ ሰውዬ ለእርስዎ ምንም አይደለም» አለችው። እንዴት ብሎ እንደጮኸ ልጽፈው አልችልም። አክታ አነቀው፣ ሲስተሯ መጥታ ቀና አደረገችው።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ዳኛዋ ወደኔ ዞራ፣ «እሱ መልሷል። ያልሰማሁት የእርስዎን ነው። ወረቀትዎ ላይ አንድ ምድጃ እንጋራለን ይላል። ይህን ይዤ መወሰን አልችልም። ምንዎ ነው?» አለች።

ኢንጎ አጠገቤ ነው። ሲስተሯ ብርጭቆውን እየለቀመች ነው፣ እሷም የእኛው አካባቢ ልጅ ናት፣ አባቷን አውቀዋለሁ፣ በማግስቱ ሁሉም ይሰማል። ያንቺን ቃሎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው፣ አንዱም አልመጣልኝም።

«እንደ ሊና ነው» አልኩ።

«ሊና ማን ናት?»

«ሚስቴ ነበረች።»

ሲስተሯ ስብርባሪውን መልቀም ተወች። ዳኛዋ ጻፈች፣ ረዘም አድርጋ ነው የጻፈችው፣ አላየሁትም። አልቪን ይህን ጊዜ ምንም አላለም። ልብ በይ፣ ዝም አለ።

ኢንጎ ጫማውን እያየ፣ «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለኝ። አባትህ ጠይቆኝ አያውቅም አልኩት። «እኔም አልጠየቅኩም» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ?» አለ። ቤቱን ታውቀዋለህ አልኩት። አያውቀውም፣ አንዴም አልመጣም። መንገዱን ነገርኩት።

ውሳኔው ትናንት መጣ። የት ይኑር፣ ምን ይታከም የሚለውን እኔ፣ ወረቀት ወረቀቱን ኢንጎ። ጥሩ ነው፣ ወረቀት ይውሰደው። ከገና በፊት ቤት ይገባል።

አሁን ሥራ አለ። ላይኛው ክፍል አይሆነውም፣ ደረጃውን አይችልም፣ አልጋው ሳሎን መውረድ አለበት። ከባድ የኦክ እንጨት አልጋ ነው፣ ሊና ያመጣችው፣ ለብቻዬ አላወርደውም፣ ኢርምሂልት ጀርባ የላትም። ረቡዕ ኑ፣ አንቺም ቪብከም። ቪብከ አንደኛውን ጫፍ ትያዝ፣ ትከሻ እንዳላት አይቻለሁ። ሥጋ አትበላም አይደል፣ ምን እንደምትበላ ጻፊልኝ፣ አላውቅም፣ ድንች ብቻ ነው የሚመጣልኝ። እዚሁ ታድራላችሁ። ላይኛው ክፍል ባዶ ይሆናል፣ የናንተ ነው።

ምዕራፉን ቀደድኩት ስላልሽው ጥሩ አደረግሽ። ይህንንም አትጻፊው። ለዳኛዋ የተናገርኩት ለዳኛዋ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አስፈልጎኝ አወጣሁት፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አንባቢ አላበደርኩትም። የሆነ ሰው ከጠየቀሽ ግን፣ ፊት ለፊት፣ ስሙን ጠርቶ ከጠየቀሽ፣ አትዋሺ።

ከታች የተንጋደደው ፊርማ የሱ ነው። በግራ እጁ ነው። እኔ ወረቀቱን ያዝኩለት እንጂ እጁን አልያዝኩለትም።

ኤዋልት ሽትሬከር
አልቪን ክሬሊንግ